ስናድር ከመባሉ በፊት

«ስናድር» የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ሠርግ ላይ ነው። የሙሽራው አጎት ሞቅ ብሏቸው ተነሡና ከዘራቸውን እንደ ጠመንጃ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው መፎከር ጀመሩ። ምንሽር አሉ፣ ውጅግራ አሉ፣ ስናድር አሉ። ልጅ ነበርኩና ስናድር ማለት «ጀግና» ወይም «ቆፍጣና» እንደማለት ያለ ሙገሳ መስሎኝ ነበር። የሰው ስም መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ጄከብ ስናይደር፣ አሜሪካዊ፣ የፊላደልፊያ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1866 ዕዳ እንደከበበው ሞተ። ስሙ ግን ባሕር ተሻግሮ፣ ተራራ ወጥቶ፣ ትንሽ ተጣሞ የሙሽራው አጎት አፍ ላይ አረፈ።

ነገሩን ስከታተለው ያልጠበቅሁት ቦታ ላይ ጣለኝ። ስናይደር ጠመንጃውን አልሠራውም። የሠራው ጥይት ከኋላ የሚጎርስበትን መክፈቻ ብቻ ነው። ጠመንጃው ራሱ፣ ብረቱም እንጨቱም፣ ከዚያ በፊት ሌላ ስም ነበረው፤ ኤንፊልድ ይባል ነበር። ኤንፊልድ ደግሞ ስናድር ከመባሉ በፊት ካሳለፋቸው ቀኖች ብዙዎቹ ሎንዶን ዳርቻ ባለ ጭቃ ሜዳ ላይ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናብ እያካፋ፣ የባንክ ጸሐፊዎች፣ ጠበቆችና ሠዓሊዎች በገዛ ፈቃዳቸው ተሰልፈው ዒላማ ሲማሩ። ይህ ጽሑፍ በአብዛኛው ስለነሱ ነው። ወደ እኛ ቤት የሚያደርሰው መንገድ መጨረሻ ላይ ይመጣል። ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

በ1850ዎቹ መጨረሻ እንግሊዞች ፈረንሳይን ክፉኛ ፈርተው ነበር። በጃንዋሪ 1858 ኦርሲኒ የሚባል ጣሊያናዊ ፓሪስ ውስጥ ናፖሊዮን ሦስተኛን በቦምብ ሊገድል ሞከረ። ናፖሊዮን ተረፈ፤ ቦምቡ ግን በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ አገር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ፈረንሳዮች ተቆጡ። በዚያ ላይ ቱሎን ወደብ ላይ በብረት የተለበጠ አዲስ የጦር መርከብ እየሠሩ ነበር። የእንግሊዝ መደበኛ ሠራዊት ደግሞ ትልቁ ክፍሉ ሕንድና ሌሎች ቅኝ ግዛቶች ውስጥ ተበትኗል። ፈረንሳይ አንድ ሌሊት ባሕሩን ብትሻገር ማን ይመልሳታል? ጋዜጦቹ ይህን ጥያቄ በየቀኑ ይጠይቁ ነበር። ሜይ 9 ቀን 1859 ገጣሚው ቴኒሰን «ጠመንጃ ያዦች ሆይ ተሰለፉ» የሚል መንፈስ ያለው ግጥም ታይምስ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ከሦስት ቀን በኋላ የጦር ሚኒስትሩ ጄኔራል ፒል በጎ ፈቃደኞች በየአካባቢያቸው የተኩስ ቡድን ማቋቋም ይችላሉ የሚል ደብዳቤ በየክፍለ ሀገሩ በተነ።

ደብዳቤው ስስታም ነበር። መንግሥት ፈቃድ እንጂ ገንዘብ አይሰጥም። ጠመንጃውንም፣ ልብሱንም፣ የተኩስ ሜዳ ኪራዩንም ራሳችሁ ቻሉ ነው ነገሩ። ትንሽ ቆይቶ ለመቶ ሰው 25 ጠመንጃ መስጠት ጀመረ፤ ከዚያ ቁጥሩን እያሳደገ ሄደ። ስለዚህ መጀመሪያ የመጡት ድሆች አልነበሩም፤ የወር ደመወዝ ያላቸው ሰዎች ነበሩ። የእጅ ባለሙያዎችና ሠራተኞች ቀስ ብለው ተከተሉ። የሠራተኞች ኮሌጅ የሚባለው የሎንዶን ትምህርት ቤት እንኳ የራሱን ቡድን አቋቁሟል፤ አዛዡም በልጆች ትምህርት ቤት ልብ ወለዱ የታወቀው ደራሲ ቶማስ ሂዩዝ ነበር። 1860 ሳያልቅ ቁጥራቸው ከ100,000 አለፈ።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም። ሕጉ ነው። በጦርነት ጊዜ ካልሆነ በስተቀር ማንኛውም በጎ ፈቃደኛ የ14 ቀን ማስታወቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። አስቡት እስቲ። ማንም አላስገደዳችሁም፣ ማንም አይከፍላችሁም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ «በቃኝ» ብላችሁ መሄድ ትችላላችሁ፤ ውጭ ደግሞ ዝናብ ነው። አባ ንጉሡ ወይም ራስ እገሌ የሚጠራው ክተት አይደለም። ቅዳሜ ሲመጣ አዛዡ ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው ፈረንሳይ ትመጣለች ወይ ብሎ ሳይሆን «የራሴ ሰዎች ይመጡ ይሆን?» ብሎ ነው።

ስለ ክረምታቸው አንድ ነገር ልበል። የእነሱን ወቅት በአማርኛ «ክረምት» ብለን ስንተረጉም ስሕተቱም እውነቱም አብሮ ይገባል። የእኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ነው፤ የእነሱ ከዲሴምበር እስከ ፌብሯሪ። የእኛ ዝናብ ይመጣል፣ ያወርደዋል፣ ያባራል፣ ፀሐይም ብልጭ ትላለች። የእነሱ ቀኑን ሙሉ ያካፋል፤ አይጠነክር፣ አይተው። በዲሴምበር ሎንዶን ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ነው። በሥራ ቀን ጊዜ የለም፤ እሑድ ተኩስ በነሱ ባህል ነውር ነው። የቀረችው የቅዳሜ ከሰዓት ዕረፍት ናት። ሥራ ከለቀቁ በኋላ ሜዳው ድረስ ሄደው፣ ተሰልፈው፣ ተቆጥረው ሲያበቁ የሚተርፋቸው የቀን ብርሃን ሁለት ሰዓት ቢሞላ ነው። ያቺ ሁለት ሰዓት ከዘነበባት ምን ይደረጋል?

መልሱ የተገኘው ሃይዝ ከሚባል የባሕር ዳር ከተማ ነው። እዚያ በ1853 የተቋቋመ የተኩስ ትምህርት ቤት ነበር፤ ኃላፊው ኮሎኔል ሄይ ይባላል። የትምህርት ቤቱ እምነት ዛሬ ቀላል ይመስላል፤ ያኔ ግን አዲስ ነበር። ተኳሽ አይወለድም፣ ይሠለጥናል፤ ሥልጠናውም አብዛኛው ያለ ጥይት ነው። በጎ ፈቃደኞቹ ከመካከላቸው ሰው መርጠው ሃይዝ ይልካሉ፣ ያ ሰው ተምሮ የምስክር ወረቀቱን ይዞ ይመለስና ጓደኞቹን ያስተምራል። ስለዚህ የቅዳሜው አስተማሪ ጢሙን የጠቀለለ የጦር ሜዳ አንበሳ ሳይሆን ሰኞ ጠዋት ከተማሪው ጎን ተቀምጦ ደብዳቤ የሚገለብጥ ጸሐፊ ሊሆን ይችላል። ይህ የራሱ ችግር አለው፤ ዕንቁላል ስንት ገባ ብለህ ያወራኸውን ሰው «ሰደፉን ከትከሻህ አታላቅ!» ብለህ መጮህ ቀላል አይደለም።

ዝናቡ ሲበረታ ጣሪያ ይፈለጋል። በ1859ና በ1860 መካከል በነበረው ክረምት ከሎንዶን ቡድኖች አንዳንዶቹ ዌስትሚንስተር አዳራሽ ውስጥ ይሠለጥኑ ነበር፤ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ሞት የተፈረደበት ያ ትልቅ አሮጌ አዳራሽ። ሠዓሊዎች፣ ቀራጮችና ሙዚቀኞች ያቋቋሙት ቡድን ደግሞ በርሊንግተን ሃውስ ግቢ ውስጥ ይሰለፍ ነበር። እዚህ ቡድን ውስጥ ስማቸው እስከ ዛሬ በየሙዚየሙ የሚነበብ ሰዎች ነበሩ፤ ሌይተን፣ ሚሌ፣ ሮሴቲ፣ ዊልያም ሞሪስ። ሞሪስ «ወደ ቀኝ ዙር» ሲባል ወደ ግራ እየዞረ፣ ፊት ለፊት የተፋጠጠውን ጓደኛውን በትሕትና ይቅርታ ይጠይቅ ነበር ይባላል። ሮሴቲ ደግሞ ትእዛዝ ሲሰጠው «ለምን?» ብሎ ይጠይቅ ነበር አሉ። እውነት ይሁን ቀልድ፣ የቡድኑን ጠባይ ይነግራል።

ከሃይዝ ልምምዶች ውስጥ የምወደው የሻማው ነው። ኤንፊልድ የሚተኮሰው «ካፕ» በሚሉት የመዳብ ቆብ ነው። የሸሚዝ ቁልፍ ታክላለች፣ ውስጧ የሚፈነዳ ቅመም አለ። መምቻው ሲወድቅባት ትፈነዳና እሳቷ ወደ ባሩዱ ይገባል። ጠመንጃው ባሩድም ጥይትም ሳይኖረው ካፕ ብቻ ቢፈነዳበት ከአፈሙዙ የሚወጣው አንዲት እፍታ ነፋስ ናት። አስተማሪው ሻማ አብርቶ ከአፈሙዙ አንድ ያርድ ያህል ፈንጠር አድርጎ ያስቀምጣል። ተማሪው ያነጣጥራል፣ ቃታውን ይስባል። አነጣጥሮ ከሆነ ሻማው ይጠፋል። ቃታውን በድንጋጤ ከመነጨቀው ሻማው ዝም ብሎ ይበራል፤ ያፈጥበታል። ከሻማው በፊት ደግሞ ተማሪው ባዶ ጠመንጃውን ወደ አስተማሪው ዓይን ያነጣጥራል፣ አስተማሪውም በማነጣጠሪያው መስመር ወደ ተማሪው ዓይን እያየ እጁ ሲንቀጠቀጥ ይይዘዋል። ይህን ዛሬ ማንኛውም የተኩስ አስተማሪ ቢያየው ራሱን ስቶ ይወድቃል። ያኔ ግን መመሪያ ነበር።

አሁን ወደ ሜዳው እንውጣ። ዝናቡ አላባራም፤ ሰዎቹ ግን መጥተዋል። ሁሉም ባይሆኑም መጥተዋል። ልብሳቸው እንደ መደበኛው ሠራዊት ቀይ አይደለም፤ ብዙዎቹ አመድማ ወይም ጥቁር አረንጓዴ መርጠዋል። የሎንዶን ስኮትላንዳውያንን ያቋቋመው ሎርድ ኤልኮ አዳኝ ነበርና፣ ሚዳቋ አድፍጦ የሚያድን ሰው ቀይ ለብሶ እንደማይወጣ ሁሉ ወታደርም መውጣት የለበትም የሚል ሰው ነበር። ሰዎቹ ሲሄዱ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አላደረጉም። ለዝናብ የተለየ የአያያዝ ትእዛዝ አለ፤ አፈሙዙ ወደ መሬት ይዘቀዘቃል፣ መምቻው ያለበት ክፍል ብብት ሥር ይወሸቃል። ዝናብ የሚመታው ሰውየውን እንጂ ጠመንጃውን አይደለም። ይህን ሳነብ ፈገግ አልኩ፤ የእኛም ሰው ከጋቢው ጫፍ ለጠመንጃው ከፍሎ የሚያለብስበት ዘመን ነበርና።

ከዚያ ማጉረስ ይመጣል፤ የዝናብ ቀን መከራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጥይቱና ባሩዱ አንድ ላይ በወረቀት ተጠቅልለዋል። ወረቀቱን በጥርስ ትቀዳለህ። ባሩዱን ወደ ላይ በቆመው አፈሙዝ ትገለብጣለህ። አፈሙዙ ክፍት ነው፣ ዝናቡም ክፍቱን ያውቀዋል። ወረቀቱን ገልብጠህ ጥይቱን ትሰካለህ፣ የቀረውን ወረቀት ትጥላለህ፣ ዘንጉን መዘህ ወደ ታች ትጎሰጉሳለህ፣ ዘንጉን ትመልሳለህ፣ መምቻውን ግማሽ ትስባለህ። ከዚያ ያቺን ቁልፍ የምታህል ካፕ ከቦርሳህ አውጥተህ በቀዘቀዘ ጣት ከቦታዋ ታስቀምጣለህ። ጭቃ ውስጥ ከወደቀች በቃ፣ አትፈልጋት። በደህና ቀን የሠለጠነ ሰው ይህን በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይሠራዋል። በዝናብ ቀን አንዱን በትክክል ከሠራ ተመስገን ነው። ካፗ ትፈነዳለች፣ ባሩዱ ግን ረጥቧል፤ «ጠሽ» ብቻ። ሰውየው ጠመንጃውን አውርዶ አፈሙዙን በዓይኑ ሊያይ ሲል ነው አስተማሪው የእውነት የሚጮኸው። የከሸፈ ጠመንጃ ዘግይቶ ሊተኩስ ይችላልና።

ወረቀቱ የተቀባው ቅባት ሌላ ታሪክ አለው። የጥይቱ ጫፍ ጠመዝማዛ ቦይ ባለው ብረት ውስጥ እንዲንሸራተትና እርጥበት እንዲችል ሞራና ሰም ይቀባ ነበር። በ1857 ሕንድ ውስጥ ይኸው ቅባት የላምና የአሳማ ሞራ ነው የሚል ወሬ ተነዛ። ሂንዱውም ሙስሊሙም ወታደር በጥርሱ አልነካም አለ፤ ሌላ ብዙ ብሶት ተጨመረና ሰሜን ሕንድ በአመፅ ነደደ። ሎንዶን ዳርቻ ላይ የቆመው ጸሐፊ ያንኑ ወረቀት ዘንጥሎ ይተፋዋል፤ የሚያስጨንቀው አፉ ውስጥ የቀረው የባሩድ ጨው ብቻ ነው።

ዒላማው የብረት ሰሌዳ ነው፤ ቁመቱ 6 ጫማ፣ ስፋቱ 2 ጫማ፣ ኖራ የተቀባ። ሰሌዳው አጠገብ ከለላ ውስጥ አንድ ምልክት ሰጪ ይቀመጣል። ጥይት ሲመታ ብረቱ ይጮኻል፣ ሰውየው ባንዲራ ያወጣል፣ ከዚያ ወጥቶ የተመታውን ቦታ በብሩሽ ኖራ ያለብሳል። ቀይ ባንዲራ ካወጣ ሁሉም ተኩስ ያቆማል። በዝናብ ቀን ከሁሉም የማዝነው ለዚህ ሰው ነው። የቀባው ኖራ ወዲያው ይታጠባል። ባንዲራው ረጥቦ ከእንጨቱ ጋር ይጣበቃል። ከ300 ያርድ ማዶ ደግሞ ጭጋጉ ውስጥ ያለው ሰው ባንዲራው ቀይ ይሁን ነጭ አይለይም። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፤ ምልክቱ ካልታየ ተኩስ የለም። የቀረችው የብርሃን ሰዓት ብታልፍም ትለፍ። አንድ ቀን ሙሉ ተዘጋጅተው፣ ረጥበው፣ ሦስት ጥይት ተኩሰው የተመለሱ መኖራቸው አያጠራጥርም።

በጭጋጉ ምክንያት የሚበላሽ ሌላም ትምህርት አለ። ርቀት መገመት። የኤንፊልድ ጥይት ከባድና ዘገምተኛ ናት፤ እንደተወረወረ ድንጋይ ጎብጣ ነው የምትሄደው። ተኳሹ ርቀቱን ገምቶ ማነጣጠሪያውን ከፍ ዝቅ ማድረግ አለበት። በ500 ያርድ፣ ማለትም ወደ 457 ሜትር ላይ፣ 50 ያርድ ከተሳሳተ ጥይቱ ከሰውየው ራስ በላይ ታልፋለች ወይም እግሩ ሥር ትቀበራለች። ስለዚህ የሃይዝ ተማሪ ሰዎችን በተለያየ ርቀት አቁሞ ያጠናል፤ የልብስ ቁልፉ የሚታየው እስከ የት ነው? ፊቱስ? እጅና እግሩ ተለይቶ የሚታየው እስከ የት? በጠራ ቀን የተማረው ሁሉ በጭጋግ ቀን ይከዳዋል፤ ዳምኖ ሲውል ነገር ሁሉ ከእውነቱ የራቀ ይመስላል። የዝናብ ቀን ትምህርት ጥቅሙ ይህ ነበር ብዬ አስባለሁ። ፈረንሳይ ብትመጣ ፀሐይ መርጣ አትመጣማ።

ዝናቡ ደግሞ የሚሰጠው አንድ ነገር አለ። ጥቁር ባሩድ ሲቃጠል ብረቱ ውስጥ ወፍራም ጥላሸት ይተዋል። በደረቅ ቀን ጥላሸቱ እንደ ሸክላ ይደርቅና ከጥቂት ተኩስ በኋላ ጥይቱ አልገባም ይላል። እርጥብ አየር ያለሰልሰዋል። እና የከሸፈባቸው የመጀመሪያው ጥይት ነው እንጂ፣ አንዴ የጀመረላቸው ሰዎች ዝናብ ውስጥ ከወትሮው ረዘም አድርገው ይተኩሱ ነበር። ማታ ቤት ሲገቡ ግን ፍል ውኃ አፍልተው ብረቱን ካላጠቡ ጠዋት ዝገት ይጠብቃቸዋል። ሚስቶቻቸው በሻይ ማንቆርቆሪያው ምን እንዳሉ የጻፈ ቢኖር ደስ ብሎኝ አነብ ነበር።

የሎንዶን ዱርዬዎች ግን አልማሯቸውም። አንድ በጎ ፈቃደኛ በስሕተት ውሻ ገደለ የሚል ወሬ ተነሣና፣ ከዚያ በኋላ ልብሱን ለብሶ መንገድ ላይ የወጣ ሁሉ «ውሻውን ማን ገደለው?» እየተባለ ይጮኽበት ነበር። የቀልድ መጽሔቶቹም ቀለባቸው አደረጓቸው። እኔም መጀመሪያ ስቄባቸዋለሁ፤ አልዋሽም። ሳቄ የቆመው ሻማው ላይ ነው። ሥራ ውሎ ደክሞት የመጣ ሰው፣ ሻማ ፊት ቆሞ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የራሱን ድንጋጤ ሲያሸንፍ ሳስበው ከሳቅ ይልቅ አክብሮት መጣብኝ።

ፈረንሳይስ? አልመጣችም። እንዲያውም በዚያው ክረምት፣ በጃንዋሪ 1860፣ ሁለቱ መንግሥታት የንግድ ስምምነት ተፈራረሙ፤ እንግሊዝ አገር የፈረንሳይ ወይን ቀረጥ ቀነሰ። የሰዎቹ ካፖርት ገና ሳይደርቅ ጠላታቸው ደንበኛ ሆነ ማለት ነው። እነሱ ግን አልተበተኑም። ጁላይ 2 ቀን 1860 ንግሥት ቪክቶሪያ ዊምብልደን ሜዳ ላይ የመጀመሪያውን የብሔራዊ የተኩስ ማኅበር ውድድር ከፈተች። ጠመንጃው ብረት ላይ ተጠምዶ፣ ባዋቂ እጅ ተነጣጥሮ ቀርቦላት ክር ብቻ ሳበች፤ ጥይቷ በ400 ያርድ ከዒላማው እምብርት ጥቂት ጣት ያህል እንኳ ሳትርቅ አረፈች። ንግሥቲቱ ሻማም፣ የራሰ ወረቀትም፣ ጭቃም አላየችም። ዋናውን ሽልማት፣ 250 ፓውንዱን፣ ያሸነፈው ግን ኤድዋርድ ሮስ የሚባል የ19 ዓመት በጎ ፈቃደኛ ነው።

እስከዚህ ድረስ ስላለው ዘመን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በ1860 ዝናብ ዳኛ ነበር፤ የማያዳላ ዳኛ። ዊምብልደን ላይ ያለው የባንክ ጸሐፊና ደብረ ታቦር ላይ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ ጠመንጃ ያዥ በዝናብ ፊት እኩል ነበሩ። የአንዱ ጠመንጃ ከሌላው ይሻል ይሆናል፤ በጣም ይሻላል። ግን ሁለቱም ባሩዳቸውን በእጃቸው በአፈሙዝ ያፈሳሉ፣ ሁለቱም ጠመንጃቸውን በጨርቅና በብብት ይሸሽጋሉ፣ ሁለቱም ሰማይ ያያሉ። የእኛ ነገሥታት ክረምት ሲገባ ዘመቻ የሚያቆሙት በጭቃና በሞላ ወንዝ ምክንያት ቢሆንም፣ የራሰ ባሩድም የድርሻውን ያውቃል። «ከረመ» የሚለው ግሣችን ራሱ ከዚያ የመጣ ነው፤ ክረምቱን አንድ ቦታ ተቀምጦ ማሳለፍ።

እኩልነቱ የፈረሰው በስድስት ዓመት ውስጥ ነው። በ1862 አፄ ቴዎድሮስ ለቪክቶሪያ የወዳጅነት ደብዳቤ ጻፉ፤ ደብዳቤው ሎንዶን ደርሶ መልስ ሳያገኝ ተቀመጠ። ንጉሡ ጋፋት ላይ ፈረንጆቹን ሰብስበው መድፍ ያስፈጥሩ ጀመር። በዚያው ጊዜ አውሮፓ ውስጥ ፕሩስያዎች ከኋላ በሚጎርስ ጠመንጃ ጎረቤቶቻቸውን ሲያሸንፉ ታየ። እንግሊዞች ደነገጡ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኤንፊልድ አላቸው፤ ይጣል? ያኔ ነው ስናይደር ርካሹን መልስ ይዞ የመጣው። የብረቱ የኋላ ጫፍ ይቆረጥና በማጠፊያ የሚከፈት በር ይገጠምለታል። በቃ። በሩን ከፍተህ ጥይቱን ታጎርሳለህ፣ ትዘጋለህ፣ ትተኩሳለህ። በደቂቃ ሦስት የነበረው አሥር ሆነ። መቆምም አያስፈልግም፤ ተኝተህ ትችላለህ።

ለእኔ ግን ትልቁ ነገር በሩ አይደለም። ጥይቱ ነው። ኮሎኔል ቦክሰር የሚባል መኮንን ባሩዱን፣ እርሳሱንና ካፗን ሦስቱንም ከነሐስ በተሠራ አንድ ቀለህ ውስጥ ከተታቸው። የሚቀደድ ወረቀት የለም። የሚፈስ ባሩድ የለም። ጭቃ ውስጥ የምትወድቅ ካፕ የለችም። ሰዎቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲታገሉት የከረሙት ዝናብ በአንዲት የነሐስ ዕቃ ተረታ። ንጉሠ ነገሥቱ ሰባት ቶን የሚመዝን መድፍ ሲያስጎትቱ፣ ዕጣቸውን የምትወስነው ጣት የምታህለዋ ዕቃ ሌላ ቦታ እየተሠራች ነበር።

ኤፕሪል 10 ቀን 1868። በእኛ ሚያዝያ 3 ቀን 1860፣ ዕለቱ ዓርብ ስቅለት። ቁጥሩ ሳይገርማችሁ አይቀርም፤ በእነሱ 1860 ዊምብልደን፣ በእኛ 1860 አሮጌ ሜዳ። የናፒየር ጦር ከመቅደላ በታች ደርሷል፤ እሱም ቢሆን ዋናው ክረምት ሳይዘጋበት ተዋግቶ ለመመለስ የሚሮጥ ሰው ነበር። ከሰዓት በኋላ የቴዎድሮስ ሠራዊት በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከፋላ ተራራ ወደ ሜዳው ወረደ። ሰማዩም አብሮ ወረደ፤ ነጎድጓድና ዝናብ። ፊት ለፊት የጠበቃቸው አራተኛው ክፍለ ጦር ስናይደር ይዟል፤ መሣሪያው በጦር ሜዳ ላይ በእንግሊዞች እጅ ሲተኮስ የመጀመሪያው ነበር። ከጎኑ ያሉት የሕንድ ወታደሮች ግን አሁንም በአፈሙዝ የሚጎርሰውን አሮጌ ጠመንጃ ነበር የያዙት። ከ1857 በኋላ እንግሊዞች ጥሩውን መሣሪያ ለሕንድ ወታደር አይሰጡም፤ የጥርሱን ነገር አልረሱትም።

ከኢትዮጵያውያኑ ብዙው በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፣ ጦርና ጋሻ የያዘ ነበር። ሊተኩሱ የሚችሉት ሲቀርቡ ነው። እንዲቀርቡ የሚፈቅድላቸው አልነበረም። ማታ ሲሆን ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ሞቶ ከአንድ ሺህ በላይ ቆስሎ ነበር። ገብርዬም እዚያው ቀሩ። ከእንግሊዝ ወገን የቆሰሉት 20 ናቸው፤ ከነሱ ሁለቱ ሞቱ። ይህን ቁጥር ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት እናውቀዋለን፣ ሁልጊዜም ስለ ጀግንነትና ስለ ክህደት ስናወራ እናልፈዋለን። እኔ አሁን ሳነበው የሚታየኝ የራሰ ባሩድና የደረቀ ቀለህ ነው።

የቅዳሜዎቹ ሰዎች አሮጌ ላይ አልነበሩም። አገራቸውን ሊጠብቁ ተሰለፉ እንጂ ባሕር ተሻግረው ሰው ሊወጉ አልማሉም፤ ይህን ጥፋት በነሱ ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። ግን ጠመንጃው ያው ጠመንጃ ነው። ትከሻ ላይ የማቆሙ ዘዴ፣ ቃታውን ሳይመነጭቁ መሳቡ፣ ርቀት መገመቱ፣ ሁሉም ከዚያው ከሃይዝ የወጣ ነው። እነሱ በሻማ የተማሩትን አራተኛው ክፍለ ጦርም ተምሮታል።

ሚያዝያ 6 ሰኞ ቴዎድሮስ ሞቱ፤ ወሬው ሎንዶን ሲገባ ጋዜጦቹ በስናይደር ውዳሴ ተሞሉ። የዊምብልደን በጎ ፈቃደኞችም እንደማንኛውም ሰው አነበቡ። እነሱ ግን ስናይደር አልደረሳቸውም። አዲሱ መሣሪያ በመጀመሪያ ለመደበኛው ሠራዊት ነበርና፣ ለነሱ መታደል የጀመረው ከ1870 ገደማ ወዲህ ነው። ስለዚህ በዚያ ዓመት ዲሴምበር ዝናቡ ሲመለስ ያው ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ላይ ነበሩ፤ አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቀው፣ መምቻውን ብብታቸው ሥር ወሽቀው፣ ወረቀቱን በጥርሳቸው እየቀደዱ።